የገረጣ በርና መስኮት እንዴት ይታደሳል?

ቀለም ያልተቀባ የእንጨት በርና መስኮት ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት አመድ ይመስላል። አርጅቷል ብሎ ለመለወጥ ከመጣደፍ በፊት ግን መመርመር ይገባል። በቢላዋ ጫፍ ሲወጉት በቀላሉ ከገባ በስብሷል፤ ጠንካራ ከሆነ ግን የተጎዳው የላይኛው ስስ ገጽ ብቻ ስለሆነ በጥቂት ወጪ ይታደሳል።

ለሥራው የሚመረጠው ክረምት ካለፈ በኋላ ያለው ደረቅ ወራት ነው። በመጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ የእንጨቱን መስመር እየተከተሉ በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ ነው። የሽቦ ብሩሽ የሚተወው የብረት ብናኝ ስለሚዝግ እንጨቱን ያጠቁረዋል። ታጥቦ ለጥቂት ቀናት በሚገባ ከደረቀ በኋላ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ቀጥሎም ለእንጨት ቅብ የተዘጋጀ የተልባ ዘይት 2 ጊዜ በስሱ ይቀባል፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደገምም። ትርፉ ዘይት በጨርቅ ይጠረጋል።

እናቶች በተለይ ሊጠነቀቁለት የሚገባው ይህ ጨርቅ ነው። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ክብሪት ሳይጫርበት በራሱ እየጋለ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ በውሃ ነክሮ፣ ከቤት ውጭ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ዘርግቶ ማድረቅ ይገባል። በር አድሳለሁ ሲሉ ቤት እንዳይቃጠል፣ ጨርቁን ሳያሰጡ ወደ ሌላ ሥራ አይሂዱ።