ሳይክሉን ከመግዛታችሁ በፊት ዳገቱን ጠይቁ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ ከሽሮ ሜዳው ዋና መንገድ ወደ ሰፈራችን በምታስገባው የኮብልስቶን ቅያስ ላይ አንድ ሰው ከፊቴ ከባድ ነገር እየገፋ ሲያቃስት አየሁ። ጠጋ ስል ጓደኛዬ ነው። የሚገፋው ደግሞ ገና ሁለት ወር ያልሞላው የኤሌክትሪክ ሳይክሉን ነው።

«ምነው፣ ባትሪ አለቀ እንዴ?» አልኩት።

«ባትሪውማ አለ። ዳገቱ ነው እምቢ ያለው» አለኝ፤ ላቡን በእጀታው እየጠረገ።

ከኋላ ሆኜ አብሬው ገፋሁ። ሁለት የሰፈር ልጆችም መጥተው አገዙን፤ ለእነሱ ጨዋታ ነው። ሳይክሉ ላይ በትልቁ «1000 ዋት» የሚል ተለጥፏል። ጎማው አራት ኢንች ነው፤ ላየው ሰው ትንሽ ሞተር ሳይክል ይመስላል። ጓደኛዬ ከሸማኔዎች የሀበሻ ቀሚስ እየተረከበ በቴሌግራም ይሸጣል፣ ራሱ ያደርሳል። ሳይክሉን የገዛው በዕቁብ ብር ነው። ዕጣው ቀድሞ ስለወጣለት ደስ ብሎት ነበር። አሁን የቀረውን የዕቁብ ክፍያ በየሳምንቱ እየከፈለ፣ የገዛውን ንብረት ደግሞ በየማታው እየገፋ ነው።

እኔም ለሳይክል እየቆጠብኩ ስለነበር የሱ ነገር አስደነገጠኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሂሳቡን ሠራሁት። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ከዕቁቡ በኋላ ሳይሆን ከዕቁቡ በፊት እንዲያሰላው ነው።

ለምን አሁን?

የኤሌክትሪክ ሳይክል የቅንጦት ወሬ መሆኑ እየቀረ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። የነዳጅ ድጎማም ከዚያ በፊት ጀምሮ እየተነሳ ነበር። የአዲስ አበባ አስተዳደር ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ጠንካራ ገደብ ጥሎ እንደነበር የምታስታውሱት ነው። በሌላ በኩል በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት መንገዶች የሳይክል መስመር ይዘው መጥተዋል።

እነዚህን ሁሉ ደምሯቸው። ቤንዚን ውድ፣ ታክሲ ሰልፍ፣ መኪና የማይታሰብ፣ መብራት ግን ከውሃ የሚመነጭ። ወጣቱ ዓይኑን ወደ ኤሌክትሪክ ሳይክል ቢያዞር ምን ይገርማል? ችግሩ አብዛኞቹ ሳይክሎች የተሠሩት ሜዳ ለሆነ ከተማ መሆኑ ነው። ጉለሌ ደግሞ ሜዳ አይደለም። ስሙ «ሽሮ ሜዳ» ስለሆነ እንዳትሸወዱ።

ዋት ሲባል የቱ ዋት?

ሻጭ «ስንት ዋት ነው?» ስትሉት የሚነግራችሁ ቁጥር ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ሞተሩ ሳይግል ለረጅም ሰዓት የሚሰጠው ጉልበት ነው። ሁለተኛው ለጥቂት ሰከንድ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ ጣሪያው ነው፤ አንዳንዴም ከጣሪያው በላይ ያለው ሰማይ።

እውነቱን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። የባትሪውን ቮልት እና ኮንትሮለር የሚባለው ሳጥን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ አምፒር አባዙ። የጓደኛዬ ባትሪ 36 ቮልት ነው፤ ኮንትሮለሩ 15 አምፒር ይላል። 36 ሲባዛ በ15፣ 540 ዋት። በቃ። ከባትሪው ከዚህ ብዙም የሚበልጥ አይወጣም። ከዚያ ላይ በሙቀት የሚባክነውን ስትቀንሱ ጎማው ላይ የሚደርሰው 400 ዋት ቢሆን ነው። «1000» የሚለው ተለጣፊ ወረቀት እንጂ ጉልበት አይደለም።

እንዲህ ስል ግን ትንሽ ዋት ያለው ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንደ ተራ ሳይክል የሚቆጠረው የኤሌክትሪክ ሳይክል ሞተሩ ከ250 ዋት፣ የሞተሩ እገዛም በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጣሪያው 750 ዋት ነው። 250 ዋት ይዘው የተራራ መንገድ የሚወጡ ብዙ ናቸው። ምስጢሩ ያለው በማርሽ ላይ ነው።

የዳገቱ ሂሳብ

ሜዳ ላይ አንድ ሰው ከነሳይክሉ 100 ኪሎ ቢሆን፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያስፈልገው 100 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ይህን ጤነኛ ሰው በእግሩም ያወጣዋል። አሁን መንገዱን እናዘንብለው። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ፣ ፍጥነቱን ወደ 15 ብንቀንሰው እንኳ፣ 370 ዋት ገደማ ይጠይቃል። ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት ወደ አራት እጥፍ! ዳገት ማለት ይህ ነው።

ዋት ብቻውን ግን ሙሉውን ነገር አይነግረንም። መነሻ ላይና ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ወሳኙ ሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይሉ ነው፤ በኒውተን ሜትር ይለካል፣ ዕቃው ወረቀት ላይ አለ። የጓደኛዬን እንየው። እሱ 70 ኪሎ፣ ሳይክሉ 35፣ የቀሚሱ ጥቅል 15፤ ድምር 120 ኪሎ። ዋናው መንገድ 8 በመቶ ቢያዘነብል፣ ወደ ላይ ለመግፋት 110 ኒውተን ገደማ ያስፈልጋል። ሞተሩ 40 ኒውተን ሜትር ነው፤ በዚያ ትልቅ ጎማ ላይ የሚሰጠው ግፊትም እንዲሁ 110 ገደማ ነው። ስለዚህ እያቃሰተም ቢሆን ይወጣል። ቅያሷ ግን 12 በመቶ ብትሆን 150 ኒውተን ትፈልጋለች። ቀሪውን 40 ማን ያምጣ? ፔዳሉ እንዳያግዝ ሳይክሉ ማርሽ መቀየሪያ የለውም። ስለዚህ ሰውየው ይወርዳል፣ ይገፋል።

ሞተሩ የት እንደተገጠመም እዩ። ቸርኬው መሀል የተገጠመ ሞተር ርካሽና ብዙ ጥገና የማይፈልግ ነው፤ ግን ዳገት ላይ ሲያዘግም ኤሌክትሪኩን ወደ ሙቀት ይቀይረዋል፤ ቆይቶም ይግላል። ፔዳሉ ጋ የተገጠመ ሞተር ግን በካቴናውና በማርሹ በኩል ስለሚሠራ፣ እናንተ ማርሽ ስታቀሉ ለሱም ይቀልለታል። ውድ ነው፤ ካቴናም ቶሎ ይጨርሳል። ለእንጦጦ ግርጌ ሰው ግን ልዩነቱ የመውጣትና የመግፋት ነው። ለፔዳል ሞተር አቅም የማይደርስ ሰው ትንሽ ቸርኬ ይምረጥ። ያው 40 ኒውተን ሜትር ሞተር ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ላይ ሲገጠም ግፊቱ ወደ 160 ኒውተን ይጠጋል።

አንድ የምሥራች ልንገራችሁ። የቤንዚን ሞተር እንደኛ አየር ይተነፍሳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ከአምስት አንድ እጁን ወይም ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። ባሕር ዳርቻ ላይ የነበረውን ጉልበት እንጦጦ ላይም ይዞት ይገኛል።

ባትሪስ? ቮልቱን በአምፒር ሰዓት አባዙ። የጓደኛዬ 36 በ10፣ 360 ዋት ሰዓት ነው። የቦሌ ኤርፖርት ከፍታ 2,330 ሜትር ገደማ፣ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ያንን 120 ኪሎ 700 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ፣ ብክነቱ ተጨምሮ፣ 300 ዋት ሰዓት ይበላል። አንድ ጊዜ ወጥቶ ባትሪው አለቀ ማለት ነው። «60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚለው ማስታወቂያ የየትኛው አገር ሜዳ ላይ እንደተለካ ጠይቁ።

ጎማ፦ ውፍረት ሁሉ ጉልበት አይደለም

«ተመርቀህ ኮብልስቶን ልታነጥፍ ነው?» የሚለውን ቀልድ የኔ ዘመን ተመራቂ ሁሉ ሰምቶታል። እኔ አላነጠፍኩትም፤ ግን በየቀኑ እረግጠዋለሁ። ሳይክል የሚፈተነውም እሱ ላይ ነው።

ከአንድ ተኩል እስከ 1.75 ኢንች ያለ ቀጭን ጎማ አስፋልት ላይ ፈጣን ነው። ኮብልስቶን ላይ ግን እያንዳንዱን ድንጋይ በወገባችሁ ያስቆጥራችኋል፤ የጎርፍ መውረጃ ክፍተት ውስጥም ሊሰምጥ ይችላል። አራት ኢንች ጎማ የተፈጠረው ለአሸዋና ለበረዶ ነው። እኛ ጋ ሁለቱም የለም። ክብደት ይጨምራል፣ አስፋልት ላይ ይጎትታል፣ ባትሪ ይበላል። ጓደኛዬ ጎማው ሲበሳ ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ሄደ፤ በዚያ ልክ የሚሆን የውስጥ ጎማ ግን አልነበረም። መርካቶ ሲፈልግ ሁለት ቀን ሥራ ፈታ። የሁለት ቀን ገቢም የሳይክሉ ዋጋ አካል ነው፤ በኢኮኖሚክስ ቋንቋ የታለፈ ዕድል ዋጋ ይሉታል።

ለእኛ መንገድ መሀሉ ይሻላል፦ ከ2 እስከ 2.4 ኢንች። ንፋሱን ከልክ በላይ አታስነፉት፤ ከ35 እስከ 45 ፒኤስአይ ለብዙ ሰው ይበቃል። ትንሽ ለስለስ ያለ ጎማ ድንጋዩን ዋጥ አድርጎ ያልፋል፤ ጠጣር ጎማ ግን እየዘለለ ጉልበታችሁን ያባክናል። ጭነት ካላችሁ የኋላውን ጨመር አድርጉ። ከምንም በላይ ደግሞ የሰፈራችሁ ጎሚስታ የሚያውቀውን ልክ ግዙ።

ፍሬንን አትርሱ። የወጣ ይወርዳል። ሐምሌ ላይ ዝናብ ባረጠበው ኮብልስቶን 120 ኪሎ ይዞ ቁልቁል የሚወርድ ሰው፣ ከሞተሩ ይልቅ ሕይወቱን የሚሰጠው ለፍሬኑ ነው። የዲስክ ፍሬን፣ ቢቻል በዘይት የሚሠራው፣ ከአንድ ሺህ ዋት ተለጣፊ ይበልጣል። ገንዘቡ ከጠበበ ከዋቱ ቀንሱ እንጂ ከፍሬኑ አትቀንሱ።

የሎሚ ገበያ

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ በኋላ ኖቤል አሸለመው። አሜሪካኖች ብልሽቱ የተደበቀ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። (እኛ ጋ ሎሚ በጥምቀት ጃንሜዳ የሚወረወር ነው፤ የነሱ ሎሚ ፍቅር የለበትም።) የአከርሎፍ ሐሳብ ይህ ነው፦ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ፣ ገዢው ጥሩውንም መጥፎውንም በአንድ ዋጋ ይገምታል። ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ በዚያ ዋጋ አያዋጣውም፤ ይወጣል። በመጨረሻ ገበያው ላይ የሚቀረው ሎሚ ብቻ ነው።

የኤሌክትሪክ ሳይክል ገበያችንን የማየው በዚህ ዓይን ነው። 500ውን «500» ብሎ በሐቅ የሚለጥፍ ነጋዴ፣ «1000» ብሎ ከለጠፈው ጎረቤቱ ጋር እንዴት ይወዳደራል? ሐቀኛው እየከሰረ፣ ተለጣፊው እየተሸጠ ይሄዳል። ከዚያ ሕዝቡ «የኤሌክትሪክ ሳይክል አይረባም» ብሎ ይደመድማል። የተሠራው የሳይክል መስመርም ባዶውን ይቀራል።

«ገዢው ራሱ ይጠንቀቅ» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ለዚያ ነው። ግን ቀሚስ የሚሸጥ ወጣት ቮልትና አምፒር እያባዛ እንዲኖር መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም። የሚመለከታቸው አካላት አምስት ቁጥር ብቻ ያስገድዱ፦ ያልተጋነነ ዋት፣ ኒውተን ሜትር፣ የባትሪ ዋት ሰዓት፣ የመጫን አቅም፣ የሚወጣው ዳገት በመቶኛ። አንዲት ወረቀት ናት። ዱቄት እንኳ ኪሎው ተጽፎበት ይሸጣል።

እስከዚያው እናንተ ስልካችሁን አውጡ። ከፍታ የሚያሳይ መተግበሪያ ጫኑና የቤታችሁን መንገድ ለኩ፤ የወጣችሁትን ሜትር ለተጓዛችሁት አካፍሉ። ከዚያ ሻጩ ጋ ሂዱ። ሱቁ በር ላይ ባለው ሜዳ አትንዱ፤ ጭነታችሁን ይዛችሁ «ዳገት ላይ ልሞክረው» በሉት። እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ጓደኛዬ አሁን ጭነቱን ለሁለት ከፍሎ፣ በቀን ሁለቴ እየተመላለሰ ይሠራል። ቅያሷ ላይ ሲደርስ ግን ዛሬም ይወርዳል። ልጆቹ ድምፁን ሲሰሙ ሊገፉለት ሮጠው ይመጣሉ። ዕቁቡ ሊያልቅ ገና አሥራ አራት ሳምንት ይቀረዋል።