በሞላሌ ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ አራዊት

በመንዝ፣ በሞላሌና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች፣ የጓሮ አትክልት ይተከል ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ችግኝ ማደልም እንዲሁ። የተተከለው ከባለቤቱ ገበታ ደረሰ ወይስ የአውሬ ቀለብ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ሹም ግን ጥቂት ነው። ሥራው ሊመዘን የሚገባው በታደለው ችግኝ ቍጥር ሳይሆን፣ በክረምት ጎተራው በሚጎድልበት ጊዜ ከድስት በገባው ጎመንና ድንች ነው።

አገሩ ብርዳም ደጋ ነውና የባላገሩ መታመኛ ገብስ ነው። ድንች በ1858 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ እጅ ወደ ኢትዮጵያ እንደ ገባ ይነገራል፤ ደጋውም ተስማምቶታል። ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ብርዱን ይችሉታል። ድንች ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲያገኘው ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ጠቍሮ ያድራል። ይህን ባላገሩ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ ምክርም አያሻውም።

ከውርጭ የተረፈውን ሁለት ሌባ ይጠብቀዋል፤ አንዱ የቀን፣ ሁለተኛው የሌሊት። ጭላዳ በገደል አድሮ ጧት ወደ ሜዳ ይወጣል። ምግቡ ከሞላ ጐደል ሣር ነው፤ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ግን መሬት እየጫረ ሥር ይበላል። በዚያ ወራት በውሃ የለመለመ ጓሮ ካገኘ አያልፈውም። ጃርት ደግሞ በሌሊት መጥቶ አጥሩን ከሥር ቈፍሮ ድንቹን ያወጣል። እንግዲህ ሁሉን በአንድ መድኃኒት ለማዳን መሞከር ከንቱ ድካም ነው። የድንጋይ ካብ መሠረቱ ጠልቆ ከተካበ ጃርትን ይከለክላል፤ ለጭላዳ ግን መወጣጫ ነው። ለጭላዳ የሚበጀው ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው።

ጠባቂው ማን ይሁን ቢባል፣ ቀድሞ የልጆች ሥራ ነበር። ዛሬ ልጆቹ በትምህርት ቤት ናቸው፤ ለጎመን ብሎ ልጅን ከትምህርት ማስቀረት ከአውሬው ጥፋት የባሰ ጥፋት ነው። ስለዚህ ጓሮዎቹ እየተራራቁ ከሚበተኑ ይልቅ ከቤት አጠገብ ተጠጋግተው ቢተከሉ፣ ጐረቤቶችም በተራ ቢጠብቁ ይሻላል። ይህ ለመንዝ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የጓሳን ሣር ብዙ ዘመን ያቆየው ቄሮ የሚባለው ሥርዐት ነበር፤ ሕዝቡ አለቃ መርጦ ቦታውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋና ሣሩ ሲደርስ ይከፍተው ነበር። የ1967 ዓመተ ምሕረት የመሬት ዐዋጅ ሥርዐቱን ቢያፈርሰውም፣ ጓሳን ዛሬም የሚጠብቀው የአካባቢው ማኅበረሰብ ነው። ሣር የጠበቀ ሕዝብ ጎመን መጠበቅ አያቅተውም።

አውሬውን እንግደለው የሚሉም አሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ ይህንም ሊያይ እንግዳ ከሩቅ አገር ይመጣል። ቀይ ቀበሮም ቍጥሩ በዓለም ሁሉ ከአምስት መቶ የማይበልጥ ሲሆን፣ ቀለቡ አይጥና ፍልፈል ነውና ለአትክልተኛው ወዳጁ ነው። ስለዚህ ለአይጥ ብሎ መርዝ መበተን ወዳጅን ማጥፋት ይሆናል። ለጥበቃ የሚያዝ ውሻም ሊከተብና በቤት አጠገብ ሊታሰር ይገባዋል፤ የውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቷልና።

የወረዳው ሹም ወደ ፊት ችግኝ ከማደሉ በፊት በየመንደሩ የጥበቃው ተራ የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ተራ ላልያዘ መንደር ነጭ ሽንኩርት ብቻ ቢሰጥ ይበቃል።