ለሳሎን ቴሌቪዥን 8 ጊጋ ምን ይሠራል?

ኢስሊም ሆነ ሞያሌ፣ መርካቶም ሆነ ሐርጌሳ፣ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ጊጋ ነው?» ሻጭ ደግሞ ጥያቄውን ይወደዋል። 4 ያለው 8 አለኝ ይላል፣ 8 ያለው 16 አስመጣልሃለሁ ይላል። ዕቃው ለምን እንደተፈለገ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ቢጠየቅ መልሱ ቀላል ነበር፤ በሃርድ ዲስክ የተጠራቀመውን ፊልም፣ የልጆቹን ካርቱን፣ የእህትን የሠርግ ቪዲዮ፣ መዝሙሩን ወይም መንዙማውን ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ለማየት ነው። ለዚህ ሥራ 8 ጊጋ ራም መሸጥ አንድ ኩንታል ጤፍ ለማድረስ ሲኖትራክ እንደማከራየት ነው።

የምናወራው ስለ ራስበሪ ፓይና ስለ መሰሎቿ ነው፤ መዳፍ ላይ ስለምትቀመጠው፣ ሁሉ ነገሯ በአንዲት ቦርድ ስላለቀው ኮምፒውተር። የመጀመሪያዋ ራስበሪ ፓይ እ.ኤ.አ. በ2012 በ35 ዶላር ስትወጣ ራሟ 256 ሜጋ ብቻ ነበር። በዚያችው ራም 1080 ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ታጫውት ነበር። ምክንያቱም ቪዲዮ ታጭቆ ነው የሚቀመጠው፤ የታጨቀውን የሚፈታ ክፍል ደግሞ ቺፗ ውስጥ ተሠርቶላት ነበር። ይህ ክፍል ካለ ቦርዷ ሳትደክም ታጫውታለች። ከሌለ ዋናው ፕሮሰሰር በጉልበቱ ሊፈታው ይታገላል፤ ይሞቃል፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ከአፍ ይቀድማል። ራም ቢጨመር ይህን አያድነውም። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት «የትኛውን ዓይነት ቪዲዮ በራሷ ትፈታለች?» ነው።

ይህን ከጠየቅን ራስበሪ ፓይ 4 እና ራስበሪ ፓይ 5 ሻጮች እንደሚሉት «አሮጌና አዲስ» ብቻ አይደሉም። በ2019 የወጣችው ፓይ 4 ሁለቱንም ትፈታለች፦ ኤች.264ን እስከ 1080፣ ኤች.265ን እስከ 4ኬ። በ2023 የወጣችው ፓይ 5 ኤች.265ን ትፈታለች፤ የኤች.264 መፍቻ ግን ከቺፗ ወጥቷል። ለማጫወትስ ታጫውታለች፤ ፕሮሰሰሯ ፈጣን ስለሆነ 1080ውን በጉልበት ትወጣዋለች። ነገር ግን ቤታችን ውስጥ ያለው ፊልም አብዛኛው፣ ፎቶ ቤት የሰጠን የሠርግ ቪዲዮ ጭምር፣ ኤች.264 ነው። ታዲያ ሠርጉን ለማየት ፋን የሚያስፈልጋት ቦርድ፣ ያውም በሞያሌ አቧራ፣ ለምን በበለጠ ዋጋ እንግዛ? ፓይ 4 በአሉሚኒየም ቤቷ ውስጥ ያለ ፋን ጸጥ ብላ ትሠራለች።

ዋጋውንም እንየው። ፓይ 5 ስትወጣ ባለ 4 ጊጋዋ 60፣ ባለ 8 ጊጋዋ 80 ዶላር ነበረች፤ 16 ጊጋዋ በ2025 በ120 ዶላር መጣች። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሚሞሪ ዋጋ ስለናረ አምራቹ ራሱ ጭማሪ አድርጓል። ማለት ዛሬ በጣም የተወደደው ሳሎን ውስጥ የማንጠቀምበት ራሙ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እያንዳንዷ ትርፍ ዶላር አዲስ አበባ ስትደርስ ምን እንደምታክል ለዚህ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ለፊልም ማጫወቻ ባለ 2 ጊጋ ፓይ 4 ትበቃለች። እንዲያውም ትተርፋለች።

ብዙ ሰው የሚቃጠልበት ሌላው ነገር ቻርጀሩ ነው፤ ይህን ነጋዴ ሊደብቀው አይገባም። ፓይ 5 በ5 ቮልት 5 አምፒር የሚሰጥ የራሷ ቻርጀር ትፈልጋለች። የስልክ ቻርጀር፣ 65 ዋት የተጻፈበትም ቢሆን፣ አብዛኛው በ5 ቮልት 3 አምፒር ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ ቦርዷ ትነሣለች፣ ግን ለዩኤስቢ የምትሰጠውን ኃይል በ600 ሚሊአምፒር ትገድበዋለች። ፊልሙ ያለበት ሃርድ ዲስክ ጠቅ ጠቅ እያለ ሳይነሣ ይቀራል፤ ገዢው ዲስኬ ተበላሸ ብሎ ያለቅሳል። ፓይ 4 ግን በ3 አምፒር ሙሉ ሥራዋን ትሠራለች፣ አንድ ትንሽ ዲስክም ትችላለች። ከናይሮቢ የሚመጣው ቻርጀር ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ መሆኑም አይረሳ፤ የኛ ሶኬት ባለ ሁለት ክብ ነው። በመንገድ ዳር መቀየሪያ ተሰክቶ የሚንቀጠቀጥ ቻርጀር ደግሞ ቦርድ ይገድላል። ኬብሉም እንዲሁ፤ የፓይ 4ም የፓይ 5ም ቀዳዳ ትንሹ ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ስለሆነ ተራው ኬብል አይገባም። ቦርዷን፣ ቻርጀሯን፣ ኬብሏንና ካርዷን አንድ ላይ የማይሸጥ ሰው ዕቃ አልሸጠም፤ ችግር ነው ያስተላለፈው።

«ኦሬንጅ ፓይ 5 8ኬ ትችላለች» የሚሉን አሉ። ቺፗስ ትችላለች። ሳሎኑ ውስጥ 8ኬ ቴሌቪዥን ያለው፣ ከዚያም 8ኬ ፊልም ያለው ማነው? ለዚያ ቺፕ የሚሠራው ሶፍትዌር ለዓመታት ከቺፑ ኋላ ሲጎተት ነው የኖረው፤ ማታ ማታ መድረክ ላይ መልስ እየፈለገ መጠገን የሚወድ ይግዛት፤ ለእናቱ የሚገዛ ግን ይተዋት። ኦድሮይድ ኤን2 ፕላስ ሌላ ናት። ኮርኤሌክ የተባለው ሶፍትዌር በደንብ ይሄድላታል፣ ተራውን ኤችዲኤምአይ ኬብል ትቀበላለች፣ ከ7.5 እስከ 18 ቮልት ስለምትችል ከሶላሩ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ቀጥታ ትነሣለች። መብራት የሌለበት ገጠር ቤት ላለው ወገን ከፓይም እናስቀድማታለን። ጉድለቷ ስትበላሽ መለዋወጫዋም፣ የሚያውቃትም ሰው በቅርብ አለመገኘቱ ነው።

መብራት ካነሣን፣ ድንገት ጠፍቶ የሚመጣ መብራት ሚሞሪ ካርድ ይበላል። ለራስበሪ ፓይ የሚጫነው ሊብሬኤሌክ ዋናውን ሲስተም የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ከሌላው ይሻላል፤ የሚጎዳው ሴቲንጉና የፊልም ዝርዝሩ ነው። ስለዚህ የተዘጋጀውን ካርድ ኮፒ አድርጎ ሁለተኛ ካርድ ከዕቃው ጋር መስጠት የሻጭ ግዴታ መሆን አለበት እንላለን። ወጪው ትንሽ ነው። ሪሞትም አያስፈልግም፤ ቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ የሚሉትን ማብራት ብቻ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ቦርዷንም ያዛል። እናቶቻችን ሦስተኛ ሪሞት መፈለግ ሰልችቷቸዋል።

አሁን ወደሚያናድደን እንምጣ። ስም የሌላቸው፣ «8ኬ» የሚል ወርቃማ ስቲከር የተለጠፈባቸው የአንድሮይድ ሣጥኖች በየሻንጣው እየገቡ ነው። ርካሽ ናቸው፣ ቶሎ ይሸጣሉ፣ ሁሉንም ቻናል በነጻ ያሳያሉ ይባላል። በጥር 2023 ቲ95 የሚባለውን ሣጥን የመረመረ ካናዳዊ ባለሙያ ከፋብሪካው ጀምሮ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ተጭኖበት አገኘው። በሰኔ 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው መረብ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በሐምሌም ጉግል ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ክስ ሲመሠርት የተያዙት ያልተመሰከረላቸው ዕቃዎች ከ10 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ገለጸ። እንዲህ ያለው ሣጥን የቤቱን ኢንተርኔት ለማያውቁት ሰው መተላለፊያ ያደርገዋል። በዚያው ዋይፋይ ላይ ደግሞ ገንዘብ የምናንቀሳቅስበት ስልክ አለ። ዕቃው ፕሌይ ፕሮቴክትን አጥፉ ካለ ወይም ከማይታወቅ መደብር አፕ አውርዱ ካለ፣ ኤፍቢአይ ከቆጠራቸው ምልክቶች ናቸውና መልሱት።

ጊጋውም ብዙ ጊዜ ውሸት ነው። ሴቲንግ ውስጥ የሚታየው 64 ወይም 128 ተጽፎ የተቀመጠ ቁጥር ሊሆን ይችላል። የሚታወቀው ፋይል እየገለበጡ ሲሞሉት ነው፤ እውነተኛው መጠን ሲያልቅ ይቆማል ወይም ቀድሞ የገባውን ያበላሻል። ጅምላ ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ሞልታችሁ እዩ።

«ገበያው የጠየቀውን ነው የምናመጣው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ገበያው የተበላሸ ዱቄት አይጠይቅም፤ ዱቄት ይጠይቃል። ገዢው ቺፕ የማወቅ ግዴታ የለበትም፤ ድንበር አቋርጦ ዕቃ የሚያመጣ ሰው ግን አለበት፤ ትርፍ የሚወስደው ለዚያም ጭምር ነው። ገዢው የራሱን ፍላሽ ይዞ ይምጣ፤ ቦርዷ ሱቁ ውስጥ በሚሸጥለት ቻርጀር ትሰካ፤ የሠርጉ ቪዲዮ መሃሉ ላይ ተከፍቶ ወደፊት ወደኋላ ይዘለል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ይህን የማይፈቅድ ሱቅ ለምን እንደማይፈቅድ ይጠየቅ።

ቦርድ የማይሸጥለት ገዢም አለ። ኔትፍሊክስ ለማየት የሚፈልግ ሰው በራስበሪ ፓይ ጥራት ያለው ምስል አያገኝም፤ ኩባንያው ለዚያ የሚጠይቀው የደኅንነት ማረጋገጫ ቦርዷ ላይ የለም። ዩቲዩብም በኮዲ በኩል ሲከፈት የራስን ቁልፍ አውጥቶ ማስገባት ይጠይቃል፤ ይህም ሁሉን ሰው አይመቸውም። እነዚህን ሁለቱን ብቻ ለሚያይ ቤተሰብ በጉግል የተመሰከረለት፣ ስም ያለው የቴሌቪዥን ሣጥን ይሻለዋል፤ ፓይ 4ን ሸጦ በሳምንቱ ከሚመለስባችሁ፣ ያንን ሸጣችሁ ትንሽ ብታተርፉ ይበጃችኋል።