ዝም የሚነቅዝበት ጊዜ

አንባቢ ሆይ፤ ድረ ገጽ የምታነብበት ብራውዘር በአዲስ መልክ በመጣ ቁጥር በድሬዳዋ የሚሰማው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር የተቀመጠው ተማሪ «ፈጠነ፤ አማረም» ይላል። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ግን «የለመድሁትን ቁልፍ ከቦታው አነሡብኝ» ብሎ ያማርራል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም «ዝም አይነቅዝም» ብለው ይተዉታል።

በዚህ ጉዳይ ግን ዝም ይነቅዛል። ጎግል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 ክሮም 69ን ሲያወጣ፣ ሰው ጂሜይሉን በከፈተ ጊዜ ብራውዘሩም ራሱ ሳያስፈቅድ በዚያው ሰው ስም ይገባ ጀመር። ጎግል ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ብዙ ሰው በሚገለገልበት ኮምፒዩተር የአንዱ ስም ከሌላው እንዳይደባለቅ ነው አለ። ሐሳቡ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ተጠቃሚዎች «ፈቃዳችን የት አለ?» ብለው ነገሩን ለይተው ተቃወሙ። በሚቀጥለው ወር በወጣው ክሮም 70 ላይ ይህን አሠራር ማጥፋት የሚቻልበት ምርጫ ተጨመረ።

ስለዚህ አዲሱ መልክ ስላላማረህ ብቻ አሮጌውን ይዘህ አትቅር፤ አዲሱ እትም ሌባ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎችም ይደፍናልና። ቅሬታ ካለህ በክሮም ውስጥ «እገዛ» ከሚለው ሥር ለሠሪዎቹ መጻፊያ ታገኛለህ። የአማርኛው ፊደል ተበላሽቶ ቢታይህ፣ ገጹ ቢዘገይብህ፣ በየትኛው ገጽ ምን እንዳየህ ዘርዝረህ ጻፍ። «አልወደድሁትም» ማለት ብቻ ለሠሪው ምን ይነግረዋል? ቦታው የተነገረለት ቀዳዳ ግን ይደፈናል።