ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ጥቂት የምንለው አለን

ባለፈው ሰሞን አንድ መምህራችን፣ በዲላ ከመጻሕፍት ቤቱ ወንበር ይልቅ የፕሌይስቴሽን ቤቱ አግዳሚ ቶሎ እንደሚሞላ ጠቅሰው በክፍል ውስጥ ወቀሱን። አፈርን፤ ሐሰት ነው ለማለት ግን አልቻልንም። በበኩላችን የምንሟገተው በሌላ በኩል ነው። ጥፋታችን ብዙ መጫወታችን ሳይሆን፣ አንዱንም ጨዋታ ከዳር ሳናደርስ በሁሉም ላይ መፍረዳችን ይመስለናል።

ነገሩን ለማያውቁት አንባብያን እናስረዳ። በጨዋታ ቤት ሒሳቡ በግጥሚያ ወይም በሰዓት ነው። ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ቆሞ ያጉረመርማል። ስለዚህ በዚያ ቤት ሊኖር የሚችለው ቶሎ ተጀምሮ ቶሎ የሚያልቅ ጨዋታ ብቻ ነው፦ ኳሱ፣ ድብድቡና የመኪናው እሽቅድምድም። ምርጫው የራሳችን ነው ብለን እንኮራለን እንጂ፣ የመረጠልን የግድግዳው ሰዓት ነው።

ከመኪናው እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን «ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዎንትድ» ያለ ሐፍረት እንወደዋለን። ደስታው ከውድድሩ ይልቅ ከፖሊስ በመሸሹ ላይ ነው። ይሁን እንጂ በዝርዝሩ ከሰፈሩት 15 ተቀናቃኞች የመጨረሻውን ያሸነፈ ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። «ግራን ቱሪስሞ» ደግሞ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፍሬን አያያዝንና ኩርባ አገባብን ተፈትኖ ያላለፈ ብዙ ውድድር አይገባም። ገንዘብ ከፍሎ ለፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ከየት ይምጣ? በመሆኑም ንቀን ተውነው። ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ በኢሱዙ የተሳፈረ ሰው ግን ከሁለቱ የትኛው ስለ መኪና እውነት እንደሚናገር አያጣውም።

ስለ ድብድቡ ብዙ አንልም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው «ሞርታል ኮምባት» ደም በመርጨቱ በማግስቱ ዓመት የአሜሪካንን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሳይቀር አነጋግሮ፣ በ1994 ለጨዋታዎች የዕድሜ ደረጃ የሚሰጥ ድርጅት እንዲቋቋም ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው። እኛን ዕድሜያችንን የጠየቀን የጨዋታ ቤት ባለቤት እስካሁን አላጋጠመንም።

በእጅጉ የምናፍርበት «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሲሆን፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ቺቱን በፊዚክስ ደብተራችን ጀርባ እየገለበጥን ታንክ ስናወርድና ገንዘብ ስናዘንብ ኖረናል። ሲጄ የተባለው ልጅ ወደ ሎስ ሳንቶስ የተመለሰው እናቱ ተገድላበት ለቀብር መሆኑን ያወቅነው ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ለቅሶ የመጣውን ሰው ያን ሁሉ ዓመት መኪና ስናሰርቀው ከርመናል!

ዓይናችን የተከፈተው ለአራት በተከራየናት ክፍል ውስጥ ነው። አንደኛው ጓደኛችን አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 ከነ8 ሜጋባይት ካርዱ ይዞ መጣ። አብሮት የነበረው ዲስክ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 10» ነበር። ጠላት ፊት ለፊት ቆሞ አንተ እስክትወስን ይጠብቃል፤ ጥድፊያ የለም። በመጀመሪያው ቀን ሁለታችን አዛጋን። በሳምንቱ መዝገበ ቃላት አጠገባችን አስቀምጠን፣ አንዱ እንግሊዝኛውን እያነበበ ሌላው በአማርኛ እየመለሰ እንጫወት ጀመር። መብራት ጠፍቶ የሦስት ሰዓት ድካማችን ከንቱ የሆነበት ማታ ነበረ፤ እራት ሳንበላ ተኛን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዩና የምትባል ወጣት «ሲን» የተባለውን አገር አጥፊ አውሬ ለማስቆም ከቤተ መቅደስ ወደ ቤተ መቅደስ ትጓዛለች። በጉዞው ፍጻሜ አውሬው ይወድቃል፤ የጣለውም ሰው አብሮ ይሞታል፤ ሕዝቡ ጥቂት ዓመታት ያርፋል፤ አውሬው ይመለሳል፤ ሌላ ወጣት ይላካል። ይህ ልማድ እንዲቀጥል ያስተምራሉ፤ የሚጠይቅ እንደ ከሐዲ ይቆጠራል። ዩናና ጓደኞቿ እምቢ ያሉበት ስፍራ ስንደርስ ጨዋታውን አቁመን እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ተከራከርን፤ የዚያን ሌሊት ዓይነት ክርክር በክፍል ውስጥ አልገጠመንም። መጨረሻውን መጫወት ለሚሹ ስንል አንነግርም። እኛ ከ40 ሰዓት በላይ ፈጅቶብናል። በጨዋታ ቤት ሒሳብ ቢሆን ኖሮ የወር ቀለባችንን በበላ ነበር።

አገራችንም ጨዋታ መሥራት ጀምራለች። በአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የተሠራችው «ኩኩሉ» በስልካችን ላይ የምትሮጥ ዶሮ ናት፤ ታስቃለች፤ ነገር ግን እርሷም በጥድፊያ የምታልቅ ናት። የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 «ኦሪዮን» የተባለ፣ በአፍሪካ ባህል ላይ የቆመ ረጅም ታሪክ ያለው ጨዋታ ከያውንዴ አውጥቷል። እኛስ? በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የገዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ከደጃችን ነው፦ ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰቱና ቡናው፣ በየጉብታው የቆመው ጥንታዊ ትክል ድንጋይ። የገዴኦ ሕዝብ ባሌ በተባለው ሥርዓቱ ሰው ከእርከን ወደ እርከን ሲያልፍ ኖሯል፤ በደረጃ ማደግን ከጃፓን ጨዋታ መማር አላስፈለገንም ነበር። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ርእስ ሲያጡ እናያለንና ይህን አደራ እንላቸዋለን።

ለኅብረታችን አመራር ያቀረብነው ጥያቄ ግን ከዚህ ያነሰ ነው። ቅዳሜ ማታ የኅብረቱ ክፍል ይከፈትልን፤ ማሽኑን እኛ እናመጣለን፤ በግጥሚያ የሚከፈል ሒሳብ አይኖርም፤ እያንዳንዱ ቡድን ካቆመበት ይቀጥላል፤ እንግሊዝኛው የሚከብደው አጠገቡ የሚያነብለት ይኖረዋል። የወቀሱንን መምህርም ጠርተናቸዋል። እመጣለሁ አላሉም፤ የጨዋታው ስም እንዴት እንደሚጻፍ ግን ጠይቀውን በማስታወሻቸው ላይ አሰፈሩት።