ከመቆጣቴ በፊት ቀኑን ባየሁ ኖሮ

ባለፉት ሳምንታት ስለ ስኳር ሕመምና ስለ እግር ቁስል ስንጨዋወት ነበር፤ ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ኮምፒውተር ነው። «ሲስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነች?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አልሆንኩም። ነገር ግን በላፕቶፓችን የገባው ጣጣ ከላፕቶፑ አልፎ በእኔና በልጅ ልጄ መካከል ገብቶ ነበርና፣ እንደኔ ከመሳሳታችሁ በፊት ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ነው። ሳሎናችን ጥግ ላይ አንድ ላፕቶፕ አለ። እኔ የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ የአባላትን ዝርዝር የምይዝበት በእሱ ነው። ለትምህርት ብሎ እኔ ዘንድ የሚኖረው የልጅ ልጄ ያኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርና ለሚኒስትሪ ፈተና የቆዩ ጥያቄዎችን ይሠራበታል። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ዳታውን ነው፤ ለወር የገዛሁት ፓኬጅ በአሥራ ሁለት ቀን አለቀ። ቀጥሎ ጉግልን ስከፍት የማላውቀው ሌላ መፈለጊያ ይመጣ ጀመር። ከዚያ በስክሪኑ ጥግ ትንንሽ ማስታወቂያዎች ብቅ ብቅ ማለት ያዙ፤ የቁማር፣ የማቅጠኛ ክኒን፣ «ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው» የሚል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሰብሳቢ አጠገቤ ተቀምጠው ዝርዝሩን ስናስተካክል የራቁት ሴት ምስል ድርግም ብሎ ወጣ። ሰብሳቢው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማታ ልጁ እስኪመጣ አልቻልኩም። ልጄ፣ ማለትም የልጁ አባት፣ አንድ ጊዜ «ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ የሚከተልሽ የምታይውን ነገር አይቶ ነው» ብሎኝ ነበር። ይህ በጭንቅላቴ ነበርና ፍርዱን ገና በሩን ሳይከፍት ጨርሼ ጠበቅሁት። «ምን ስታይ ነው የምታመሸው?» አልኩት። «እማማ፣ እኔ ምንም አላየሁም» አለ። ጮህኩበት። ላፕቶፑን ቆልፌ አስቀመጥኩ፣ ደብረ ብርሃን ላለው አባቱም ደውዬ ነገርኩት። አባቱ በስልክ ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ልጁ ግን ስልኩን መልሶልኝ ቀጥ ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። ለሁለት ሳምንት «አዎ» እና «እሺ» ብቻ ሆነ ንግግራችን። ለፈተናው የቀረው ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነበር።

ሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ሕመምተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «መቼ ጀመረዎት? ከዚያ በፊትስ ምን ወሰዱ?» ብዬ ነበር። ይህን ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስጠይቅ ኖሬ ለገዛ የልጅ ልጄ አልጠየቅሁም።

ላፕቶፑን መጀመሪያ የወሰድኩት ሰፈራችን ወዳለ ጥገና ቤት ነው። ወጣቱ አንድ ጊዜ ከፍቶ አየና «ማዘር፣ ይሄ ፎርማት ብቻ ነው መፍትሔው» አለኝ። ፎርማት ማለት በውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ሲጫን ነው። የሟቹ ባለቤቴ የመጨረሻ ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ናቸው፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጥኳቸውም። «ፎቶዎቹስ?» ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። ይዤው ተመለስኩ። ዛሬ ሳስበው ያ መመለሴ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ደህናው ነበር።

በኮምፒውተር ሙያ የተመረቀች የእህቴ ልጅ እሁድ ልትጠይቀኝ መጣች። መጀመሪያ ያደረገችው ፎቶዎቹንና የእድሩን ሰነዶች ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። ፕሮግራም ግን አንድም አልገለበጠችም፤ ችግሩ አብሮ እንዳይሄድ። ከዚያ «አክስቴ፣ መቼ ነው የጀመረሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቄ መጣ፤ የእኔን ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። ሴቲንግ ውስጥ ገባች፣ አፕስ የሚለውን ነካች፣ የተጫኑት ፕሮግራሞች ተዘረዘሩ። ዝርዝሩን በፊደል ተራ ሳይሆን በተጫኑበት ቀን እንዲደረደር አደረገችው። አንድ ቀን የተጫኑ ሦስት የማላውቃቸው ፕሮግራሞች ወጡ፤ አንዱ ፒዲኤፍ ወደ ወርድ የሚቀይር፣ አንዱ «ፍለጋ የሚያግዝ»፣ ሦስተኛው ኮምፒውተር አፈጥናለሁ የሚል። የሦስቱም ቀን 5/2/2024 ይላል። እኔ የካቲት መስሎኝ ነበር። «አይ፣ እዚህ ላይ የሚቀድመው ወሩ ነው፤ ሜይ 2 ማለት ነው» አለችኝ። ተነስቼ ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ። ሚያዝያ 24፣ ጸሎተ ሐሙስ።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ልጁ ደብረ ብርሃን ነበር። ረቡዕ የሠራተኞች ቀን ስለነበር አባቱ መጥቶ ሐሙስን አስፈቅዶ ይዞት ሄዷል። ቤት የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ያኔ ሁሉም ትዝ አለኝ። ጉልባን ጥጄ ነበር። ሰብሳቢው የአባላቱን ዝርዝር በቴሌግራም በፒዲኤፍ ልከውልኝ «ሲስተር፣ ሁለት ስም ተሳስቷል፤ እባክዎ ያስተካክሉልን» ብለዋል። ፒዲኤፍ ላይ መጻፍ ስላልቻልኩ ነፃ መቀየሪያ ፈለግሁ። መጀመሪያ የመጣውን ነካሁ፤ ከላዩ በደቂቅ ፊደል ስፖንሰርድ፣ ማለትም የተከፈለበት ማስታወቂያ መሆኑን የሚገልጽ ቃል እንዳለ አላየሁም። ትልቅ አረንጓዴ ዳውንሎድ የሚል ቁልፍ ነበር፤ ተጫንኩት። ከዚያ ነክስት፣ ነክስት፣ አክሰፕት። ጉልባኑ ውሃው ተመጥጦ እንዳያርብኝ አንድ ዓይኔ ወደ ማድ ቤት ነበር። ከእነዚያ አክሰፕቶች መካከል ሁለቱ ስለ ፒዲኤፉ ሳይሆን ስለ ሌሎቹ ሁለት ፕሮግራሞች ነበሩ። ፈቃድ ጠይቀውኛል፤ ፈቅጃለሁ።

እንዲህ ያለው ነገር አድዌር ይባላል፤ ማስታወቂያ ሊያሳይ የተሠራ ፕሮግራም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይመጣም። ነፃ ፕሮግራም የሚያዘጋጀው ሰው የሌላውን አብሮ ሲያስጭን በተጫነ ቁጥር ይከፈለዋል፤ አድዌሩ ደግሞ ማስታወቂያ ባሳየና ሰው በነካለት ቁጥር ያገኛል። ልጄ የነገረኝ ነገር ጨርሶ ሐሰት አይደለም፤ በታወቁት ድረ ገጾች ላይ ማስታወቂያ የሰውን ፍላጎት ይከተላል። አድዌር ግን የተከፈለበትን ያሳያል፤ ስክሪኑ ፊት ሕፃን ይቀመጥ ሽማግሌ ግድ የለውም። ስለዚህ መጥፎ ምስል ወጣ ማለት የቤታችሁ ልጅ መጥፎ ነገር አየ ማለት አይደለም።

ወደ ማውጣቱ ልመለስ። ሦስቱን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ አንኢንስቶል አደረገቻቸው። አንደኛው ሲሰናበት እንኳ ተንኮል አልተወም፤ «አቆየኝ» የሚለውን ቁልፍ በትልቁ በሰማያዊ፣ «አጥፋኝ» የሚለውን በግራጫ በደቂቅ አድርጎ አቀረበ። ረጋ ብሎ ማንበብ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ግማሹ ቀለለ፤ ማስታወቂያው ግን አልቆመም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አልተሳካም» ብሎ ይተዋል። ያልቆመው ነገሩ ሌሎች መቀመጫዎች ስላሉት ነው።

አንዱ መቀመጫው ብራውዘሩ፣ ማለትም ኢንተርኔት የምናይበት ክሮም ነው። ክሮም ላይ እንደ ኪስ የሚለጠፉ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ፤ ኤክስቴንሽን ይባላሉ። በቀኝ በኩል ከላይ ካሉት ሦስት ነጥቦች ገብታ ስታያቸው እኔ የማላውቃቸው ሁለት ተገኙ። አንዱ ወጣ፣ ሁለተኛው ግን ማጥፊያ ቁልፉ ራሱ አይሠራም፤ «ይህ ብራውዘር በድርጅት የሚተዳደር ነው» ይላል። የእኔን ሳሎን የትኛው ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው? በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ይህ የተለመደ ጽሑፍ ነው፤ በቤት ኮምፒውተር ላይ ከታየ ግን መጠርጠር ያስፈልጋል። እሱን ለማስለቀቅ አድውክሊነር የሚባል ነፃ ማጽጃ አወረደች፤ ማልዌርባይትስ የሚባለው ኩባንያ የሚያቀርበው ነው። ያወረደችው በፍለጋ አይደለም፤ የኩባንያውን አድራሻ ራሷ ጽፋ ነው። ማጽጃ የሚመስሉ አድዌሮች ሞልተዋልና ይህን ልብ በሉ። ከዚያም የክሮምን ሴቲንግ ሪሴት አደረገችው፤ የተቀመጡት የይለፍ ቃሎች አልጠፉም።

ሌላው መቀመጫ እኔን በጣም ያስደነቀኝ ነው። አንዳንድ ገጽ ስትከፍቱ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ» ይላል። እኔም ሮቦት ስላልሆንኩ እጫናለሁ። ለካ አላው ያልኩት ማስታወቂያ እንዲልኩልኝ ነው! ክሮም ውስጥ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ፣ ሳይት ሴቲንግ፣ ኖቲፊኬሽን የሚለው ጋ ስንደርስ አሥራ ሰባት ገጾች በእኔ ፈቃድ ተሰልፈው አገኘናቸው። የጥጉ ማስታወቂያ፣ ያቺም የሰብሳቢው ዕለት ያዋረደችኝ ምስል፣ የመጡት ከዚያ ነው። ፕሮግራሙ ቢወጣም ፈቃዱ ካልተነሳ ይቀጥላሉ። ሁሉንም ሰረዘችና ከእንግዲህ ወዲያ ማንም ገጽ እንዳይጠይቀኝ ዘጋችው።

መጨረሻ ላይ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ አደረገች፤ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ፣ እኛም ቡና አፈላን። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግድ አንድ ማብሪያ አለ፤ አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል በሚለው ሥር ነው። የእኔ ጠፍቶ ኖሯል፤ አበራችው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስክሪኑን ቀይ አድርጎ፣ እየጮኸ፣ «አምስት ቫይረስ ተገኝቷል፣ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል ገጽ ከመጣባችሁ አትደንግጡ። ድረ ገጽ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ገብቶ ቫይረስ መቁጠር አይችልም። አትደውሉ፣ አትክፈሉ፣ ምንም አታውርዱ። አልዘጋም ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል፤ ከዚያ ክሮምን መዝጋት ነው። እንደገና ስትከፍቱት «የነበሩትን ገጾች ልመልስ?» ካላችሁ አይሆንም በሉ።

አድዌርን ዝንብ ነው ብሎ መናቅም አይገባም። በፈረንጆቹ የካቲት 2015 ሌኖቮ ከሸጣቸው ላፕቶፖች አንዳንዶቹ ላይ ሱፐርፊሽ የሚባል አድዌር ከፋብሪካው ተጭኖ እንደነበር ይፋ ሆነ። ማስታወቂያውን ለማስገባት ሲል የባንክ ገጾችን ጭምር የሚጠብቀውን ቁልፍ አላልቶ ነበር፤ ኩባንያውም ማስወገጃ አወጣ። እኛ አገር ደግሞ ክራክ የሚባለው፣ ሳይከፈልበት የተሰበረው ፕሮግራም፣ አንዱ ዋና መግቢያ ነው። ለመጫን «አንቲቫይረሱን አጥፉት» የሚል ፕሮግራም ለምን እንዲጠፋለት እንደሚፈልግ ጠይቁት። ነፃ ፕሮግራም ሲያስፈልጋችሁ ከሠሪው ገጽ አውርዱ፣ ስትጭኑም ካስተም የሚለውን መርጣችሁ አብሮ የሚመጣውን ምልክት አንሱ። ስለ ስልክ የጠየቃችሁኝ አላችሁ፤ የኖቲፊኬሽኑ ነገር እዚያም ያው ነው።

ማታ ልጁን ጠራሁት። ላፕቶፑን ከፍቼ ቀኑን አሳየሁት፤ የእህቴ ልጅ ከማጥፋቷ በፊት በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር። ዝም ብሎ አየው። «ሜይ 2 እኮ እኔ ደብረ ብርሃን ነበርኩ» አለ። «አዎ፣ የጫንኩት እኔ ነኝ። ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። የሚቀጥለው ጥያቄው ስለ ላፕቶፑ መስሎኝ ነበር። «ለአባዬ ትነግሪዋለሽ?» ነው ያለኝ። እዚያው እያየኝ ደወልኩ፤ ምን እንዳልኩ ቃል በቃል እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ። አባቱ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «ስጭልኝ» አለኝ። ስልኩን ሰጥቼ ወጣሁ።

በሰኔ ፈተናውን ተፈተነ፣ አለፈም። ባለፈው ሳምንት የእድሩ ሰብሳቢ አዲስ ዝርዝር ላኩ፤ አሁንም ፒዲኤፍ። ልጁን «ና እስቲ፣ ከየት ላውርደው?» ብዬ ጠራሁት። መጥቶ ቆመና ስቆ፣ «እማማ፣ ምንም አታውርጂ። ወርድ ራሱ እኮ ፒዲኤፍ ይከፍታል» አለኝ። ፋይሉን በወርድ ከፈተልኝ፤ የሰንጠረዡ መስመር ትንሽ ተንሻፈፈ እንጂ ስሞቹ ሁሉ አሉ። ሁለቱን አርሜ ላክኩላቸው።