ቤዝ ጊታርና የእግር ሣጥኑ

በሲያትል የሐበሻ ሠርግ ላይ አንድ ኪቦርድ ከበሮውንም ቤዙንም ጠቅልሎ ሲይዝ አንባቢያን ሳይታዘቡ አልቀሩም። ለደጋሹ ወጪ ይቀንሳል፤ ቤዝ ተጫዋቹ ግን ቤቱ ይቀራል። ጆቫኒ ሪኮ በሮሃ ባንድ ቤዝ ይጫወት የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ምን እንደጎደለ ያውቀዋል።

ኪቦርዱ የሚበልጠው ወለል በሚያንቀጠቅጠው ወፍራም ድምፁ ነው። ቤዝ ተጫዋቹም ይህን የሚያገኝበት ኦክታቭ ፔዳል የሚባል በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሣጥን አለ። የተመታውን ድምፅ አንድ ኦክታቭ አውርዶ ከዋናው ጋር አብሮ ያሰማል። ቦስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ኦሲ-2 እስከ ሁለት ኦክታቭ ድረስ ያወርዳል። የሲያትሉ ተወላጅ ጂሚ ሄንድሪክስ እ.ኤ.አ. በ1967 «ፐርፕል ሄዝ» ላይ የተጠቀመበት ኦክታቪያ ግን ድምፁን ወደ ላይ የሚያወጣ ነውና መሳሳት አይገባም።

ለመግዛት ያሰበ የራሱን ጊታር ይዞ ሱቅ ሄዶ ይሞክር። የባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ፔዳሉ ሲያወርደው ወደ 20 ይጠጋል፤ ይህም የሰው ጆሮ የሚሰማው የመጨረሻ ወሰን ነው። ስለዚህ እዚያ ጉርምርምታ ብቻ ይተርፋል። ወደ አንገቱ መካከል ወጣ ብለው ሲጫወቱት ግን ድምፁ ይጠራል። ሁለት ክር ባንድ ጊዜ መምታት የቆዩትን ፔዳሎች ያደናግራቸዋል።

ለዝግተኛ ትዝታ ይስማማል፤ በፈጣን የጉራጌ ምት ላይ ግን ሊንተባተብ ይችላል። ሣጥኑ ጣትን ያግዛል እንጂ አይተካም።